አማት የጠየቁት እሳት

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የመዝገብ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ተሳፋሪውም፣ የሥራ ባልደረቦቹም፣ እየዋለ እያደረ የገዛ ሚስቱም ጭምር "ፍሬን" ነው የሚሉት። መንገድ ዳር ድመት ካየ ፍሬን ይይዛል። ኳስ ከተንከባለለም ይይዛል፤ ከኳሱ ኋላ ልጅ አይጠፋም ብሎ ነው። "አንተ ሰዓት እንጂ ሰው አትገድልም" ይለዋል የስምሪት ኃላፊው፣ ሙገሳ ይሁን ወቀሳ ሳይለይለት።

ቤት ሲገባም ያው ነው። ከመተኛቱ በፊት የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሶኬት ይነቅላል፤ አልጋው ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ ተነስቶ መነቀሉን ለማየት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሚስቱ ስትስቅ ቢያያት፣ የነቀለውን ገመድ በእጁ እንደያዘ ነበር የሚፈልገው።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው አማቱ እሳት አንድድልኝ ያሉት።

አማቱ ዓይናቸው ከጠፋ ሰነባብቷል። መጀመሪያ ሁሉ ነገር ጉም መሰላቸው፤ ቀስ በቀስ ጭራሹን ጨለመ። ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ልጃቸው ቤት ገቡ። ሰው ማስቸገር የማይወዱ ሴት ናቸውና ይህን አምጡልኝ፣ ያን አድርጉልኝ ብለው አያውቁም። አንድ ቀን ግን ምሳ ላይ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው፣

"እሳት ዳር መቀመጥ አማረኝ" አሉ።

"ማሞቂያውን ላቅርብልዎት እማማ?" አለ ፍሬን።

"ሽቦ መች አልኩህ ልጄ። እንጨት ነው የምልህ። ሲንጣጣ ልስማው፣ ወላፈኑ ፊቴን ይንካኝ። ከአባቷ ጋር ግቢያችን ውስጥ እያነደድን ነበር የምናመሸው።"

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። "እሺ፣ ቅዳሜ" አለ፤ አፉ ነው የቀደመው።

ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዞ ሲነዳ የሚታየው የአማቱ እጅ ነበር። ሴትየዋ ሲንቀሳቀሱ እጃቸው ይቀድማል፤ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ወንበሩን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። ያ እጅ ነበልባሉን ሲፈልግ ይታየዋል። ረጅሙ የሱፍ ሻላቸውም ይታየዋል።

ቅዳሜ በጠዋት ጓሮ ወጣ። እዚህ ላይ እንዳይል የሎሚው ቅርንጫፍ አለ፤ እዚያ ጋ እንዳይል የጣውላ አጥሩ። መሀል ላይ ቆሞ ወደ ላይም ወደ ጎንም ሲያይ ቆየና ቦታ መረጠ። ደረቁን ሣር በዶማ ልጦ አፈሩ ራቁቱን እስኪቀር ጠረገው። ጎድጎድ አድርጎ ቆፈረ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ከበበ። በፍሳሹ ቦይ ውስጥ የተኛውን ድንጋይ አልነካም፤ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ይፈነዳል ሲባል ሰምቷል። የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታ። ባልዲዎች ሞላ፣ አሸዋና አካፋ አቀረበ፣ የአትክልት ማጠጫውን ቱቦ ከቧንቧው ጋር አገናኝቶ ከፍቶ ሞከረው። በመጨረሻ የአማቱን ባለመደገፊያ ወንበር አምጥቶ ራሱ ተቀመጠበት፤ እጁንና እግሩን ወደ ድንጋዩ ዘረጋ፣ ተነሳ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ጎተተው። አሁንም ዘረጋ፤ አሁንም ጎተተ።

"እሳት ነው የምታነደው ወይስ ጦር ልትገጥም ነው?" አለችው ሚስቱ ከመስኮቱ።

"ሻሉን በጃኬት ቀይሪላቸው" አላት።

"አትሞክረው፤ ሻሏን አትሰጥህም።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚስቱ እናቷን ሻላቸውን እንደለበሱ መርታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ወንድሟም በሞተር ብስክሌቱ መጣ። በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፍንጣሪ ሲዘንብበት የሚውል፣ ሸሚዙ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሰው። ባልዲዎቹን አይቶ ሳቀ። ፍሬን ደቃቁን ጭራሮ እንደ ጎጆ አቁሞ፣ ከውስጡ ወረቀት ከትቶ፣ በላዩ ፍልጥ ደርድሮ ክብሪት ጫረ። ጠፋ። ደገመ። ወረቀቱ ነደደና ጭራሮውን አጥቁሮ ብቻ ሞተ። ጢሱ ዓይኑን አቃጠለው።

"እንዲህ ከሆነማ ሊነጋብን ነው" አለ በያጁ። ወደ ሞተሩ ሄዶ የላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጠብ ላድርግበትና እንገላገል።"

"ቤንዚን ነው?"

"ኧረ ትንሽ ናት! እሳት እኮ ሥራዬ ነው።"

"ከግቢው አውጣው።"

"ሰውዬ፣ ምን ነካህ?"

"አውጣው ነው የምልህ!"

ድምፁ እሱንም አስደነገጠው። ከገቡ ጀምሮ በዚያ ቤት ጩኸት ሰምተው የማያውቁት አማቱ ፊታቸውን ወደ ወንድ ልጃቸው አዞሩ። "የቤቱ ባለቤት የሚልህን ስማ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

በያጁ እያጉረመረመ ወጣ። ሲመለስ ግን ጠርሙሱ የለም። ጎንበስ ብሎ ክምሩን አየና "አጨናንቀኸዋል፤ በየት በኩል ይተንፍስ?" አለ። ፍልጡን አነሳሱ፤ ጭራሮውን አሳስተው በነፋሱ በኩል በር አበጁለት። ፍሬን ክብሪት ጫረ። ጭራሮው ያዘ፣ ፍልጡም ተንጣጣ።

"መጣ!" አሉ አማቱ።

አገጫቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ለሙቀቱ ሰጡ። ወላፈኑ ጉንጫቸውን ሲያቀላው ሚስቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ደስ ያላለው ፍሬን ብቻ ነው። እሱ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ የሻሉን ጫፍ በጡጫው ጨብጧል። ነፋሱ ፊቱን ሲቀይር ወንበሩን አዞረ። በያጁ አሮጌ ጣውላ ሲጨምር እሳቱ ተንጣጥቶ ፍንጣሪው ከራሳቸው በላይ ወጣ፤ ፍሬን እያንዳንዱ የት እንደወደቀ ለማየት አንገቱ ተጣመመ።

"ጨርቅ ሸተተኝ" አሉ አማቱ።

"እንጨቱ ነው እማዬ" አለች ልጃቸው።

"እንጨት ጠፍቶኝ ነው? ጨርቅ ነው። ከኋላዬ ነው።"

ፍሬን ዞረ። ከቤቱ ጥግ ካለችው የቆርቆሮ ዳስ ሥር የተቀመጠው አሮጌ ሶፋ ታወሰው። ጠዋት ሩቅ ነው ብሎ አልፎት ነበር። ከሶፋው ትራስ ላይ ቀጭን ጢስ ይወጣል፤ ዳሱ ደግሞ ከቤቱ ጣሪያ ጋር ገጥሟል።

"ውሃ!"

ባልዲውን ይዞ ሮጠ፤ ግማሹ እግሩ ላይ ተደፋ። የቀረውን ትራሱ ላይ ከለበሰው። ጢሱ ግን አልቆመም። በያጁ በአካፋው ትራሱን ጎትቶ ባዶው አፈር ላይ ጣለና ሸነጠቀው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ቀይ ሆኖ እየተበላ ነበር። ሚስቱ ቱቦውን ከፈተች፤ ሦስቱም ተጋግዘው ጭቃ እስኪሆን አራሱት፤ ሶፋውንም ጭምር።

በያጁ "ጣውላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ባልዲዎቹ አልሳቀም።

ፍሬን ወደ አማቱ ቀስ ብሎ ተመለሰ። "እማማ፣ እኔ ፈርቻለሁ" አለ።

"አውቃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እግርህ ሲያርፍ አልሰማሁም። ያማረኝን አግኝቻለሁ ልጄ፣ አጥፋው።"

ፍሬን ቱቦውን አምጥቶ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸው ላይ አደረገና ከላይ ይዞ አቅጣጫውን አስያዛቸው። ውሃው ፍሙ ላይ ሲያርፍ እሳቱ ጮኸ። አማቱ እንደ ልጅ ሳቁ። "ተቆጣ!" አሉ።

ከዚያ እሱ አመዱን በአካፋ ገለበጠ፣ ውሃ ጨመረ፣ እንደገና ገለበጠ። ተንበርክኮ የእጁን ጀርባ መጀመሪያ ራቅ አድርጎ፣ ቀጥሎ አስጠግቶ፣ በመጨረሻም እርጥቡ አመድ ላይ አሳረፈው። ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ ቦታም ነካ።

"ሞተ?" አሉ አማቱ።

"ሞቷል።"

"እንግዲያው ቁጭ በል።"

እርጥቡ መሬት ላይ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። "ባለቤቴ" አሉ አማቱ፣ "አንድ ቀን እሳቱን እፍ እላለሁ ብሎ ቅንድቡን አጥቶ በማግስቱ ሽምግልና ተቀመጠ። ጠበኞቹ እሱን እያዩ ሲስቁ ታረቁ።" ፍሬን ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ግን ዓይኑ ወደ ዳሱ ሄዶ ተመለሰ።