ቅሉ የሚያርፍበት ጉብታ

በረሃቡ ዓመት ሥጋዬ ሲያልቅ፣ ከቀኝ ጉልበቴ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ሎሚ የሚያህል ጉብታ ብቅ አለ። ቆቦ፣ የረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ፣ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ዳሰሰውና አባቴን ወደ ጎን ጠራው። እኔም ሰማሁ፤ ጆሮዬ እንደሆነ አልከሳም!

«የአጥንት እጢ ነው። ክፉው ዓይነት ከሆነ እግሯ ይቆረጣል። ደሴ ይውሰዷትና ራጅ ትነሳ።»

እህል አራግፎ ባዶውን በሚመለስ መኪና ተሳፈርን። አባቴ እስከ ደሴ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ ሄደ። እኔ ደግሞ በአንድ እግር ውኃ እንዴት እንደሚቀዳ አስብ ነበር።

ደሴ ሆስፒታል ሐኪሙ የራጄን ፊልም መብራት ላይ ሰቀለና ከጎኑ ክፉው እጢ የያዘውን የሌላ ሰው ፊልም አደረገ።

«ልዩነቱ ይታይሻል?» አለኝ። እኔን እኮ ነው፣ አባቴን አይደለም!

ተጠጋሁ። «ያኛው ምስጥ የበላው ምሰሶ ይመስላል፤ ዳሩ አይታወቅም። የኔ ግን ከግንዱ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። ልጡ ሳይቋረጥ ዞሮታል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «መልኩስ ደግ ነው። መቼ ወጣ? ክፉው በወራት ያድጋል፤ ደጉ ዓመታት ይፈጃል።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «አልዋሽዎትም ጌታዬ፤ ዘንድሮ ነው። ከረሃቡ ጋር የመጣ ነው።»

ያኔ ነው የወተቱ ቅል ትዝ ያለኝ።

«አባ! ላሟን ሳልብ ቅሉ የት ነበር የሚያርፈው?» ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብዬ በእጄ አሳየኋቸው። «እህቴ ስታልብ ይንሸራተትባታል። ለእኔ ግን ከዓመታት በፊት ማለብ ከጀመርኩ አንስቶ ይሄ ጉብታ ይይዝልኛል!»

አባቴ አፉን ያዘ። «ወላሂ እውነቷን ነው! ‹አንቺስ ጉልበትሽ ላይ መደብ ሠርተሻል› እያልኩ እስቅባት ነበር።»

ሐኪሙ ጉብታውን እንደገና ዳሰሰ፤ ሌሊት ሕመም እንዳለው ጠየቀኝ፤ የለውም። «በይ ተነሺ» አለኝ። «ረሃቡ ገለጠው እንጂ አላመጣውም። እግርሽ አይቆረጥም። በዓመቱ ሌላ ራጅ አንስተን እናስተያያለን።»

አገራችን ሮቢት እስክንወርድ አባቴ ፊልሙን ፀሐይ ላይ እየዘረጋ፣ «የልጄ አጥንት ነው፤ ቅርንጫፏን እዩልኝ!» ሲል ዋለ።

ላማችን በረሃቡ ሞታለች። ዝናቡ ግን መጣ፤ አጎቴም የምትታለብ ፍየል ሰጠን። ጉብታዬን ሥጋ እየሸፈነው ነው። ዛሬ ጠዋት ቁጢጥ ብዬ ትንሿን ቅል ሳስቀምጣት ግን ቦታዋን አልሳተችም።