ወንድሜ የጠገነው ቅስት

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ቤቷን ኖራ ስትቀባ እርጥቡ ሽታ ሰነፈጠኝና ወንድሜ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

ከእሱ ጋር ኖራ ያቦካሁ ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። እንኖርባት በነበረችው በሱዳኗ ባሱንዳ የሰሊጥ አጨዳው እንዳለቀ ታላቅ ወንድሜ ገዳሪፍ ከተማ ሥራ አገኘ። ግንበኛ ነበር። ፈረንጆች በእንግሊዝ ዘመን የሠሩት የፕሪስቢቴሪያን ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከመድረኩ በላይ ያለው የጡብ ቅስት ተሰንጥቆ እሱን እንዲጠግን ቀጠሩት። እኔም ኖራና አሸዋ ላቦካለት አብሬው ገባሁ።

መግባቱስ ጨንቆኝ ነበር። እኛ መጋረጃና ሥዕል እያየን ያደግን ነን፤ እዚያ ግን ባዶ ነጭ ግድግዳ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከላይ ጠባብ መስኮቶች ብቻ። ብርሃኑ በነሱ ሾልኮ ወለሉ ላይ ሳይደርስ የሚቀር ይመስል ነበር። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፤ የውጭው ሐሩር አይዘልቀውም። ወንድሜ መዶሻውን ባሳረፈ ቁጥር ደወል ከሌለው ማማ ውስጥ ሌላ መዶሻ ይመልስለታል።

«ማነው እሱ?» አልኩት።

«የድሮዎቹ ግንበኞች ናቸዋ! ሥራዬን እያዩ ነው።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቅስቱን በግንድ ደግፎ ጡቡን አንድ በአንድ እየነቀለ መልሶ ገነባው። ድጋፉ የሚነሣ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ የኑባ ተራሮች ሰው፣ ሁላችንንም ውጡ አለን። ወንድሜ አልወጣም። «ከወደቀ እኔው ላይ ይውደቅ» ብሎ ቅስቱ ሥር ቆመና ግንዱን ሳበው። ትንሽ አቧራ ብቻ ረገፈ። ዘበኛው ሮጦ ገብቶ አቀፈው።

በማግሥቱ ወደ ሊቢያ ሊነሣ መሆኑን ነገረኝ። ለመንኩት፤ አልሰማኝም።

«እናታችንን ምን ልበላት?»

«ኖራው ሳይደርቅ እመለሳለሁ በያት።»

እናቴ በጠየቀችኝ ቁጥር፣ እስክትሞት ድረስ፣ «ገና አልደረቀም» እላት ነበር።

ባለፈው ክረምት ከካርቱም የተፈናቀሉ ሰዎች እዚያ ቤተ ክርስቲያን ተጠልለዋል ሲባል ልጄን ይዤ ዳቦ ላደርስ ሄድኩ። ዘበኛው አርጅቷል፤ ዓይኑም ጠፍቷል። ልጄ በር ላይ ሰላም ሲለው ሽማግሌው ድምፁን ሰምቶ ድንግጥ ብሎ ተነሣ።

«ግንበኛው! መጣህ እንዴ?» አለ በአረብኛ።

ልጄ ዞሮ አየኝ።

«አይዋ፣ ያ ዓሚ፤ አዎ፣ አባባ። መጣሁ» አለውና እጁን ያዘለት።