ጋሽ ተሰማ ችሎት የቀረቡ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሣራ ስልኳ ላይ ተደፍታ ስትነጫነጭ አገኘኋት። ቤዝቦል ትጫወታለች። ፍራንክፉርት የተወለደች ሐበሻ የአሜሪካኖችን ጨዋታ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ ደንቡን ደጋግማ አስረድታኛለች፣ እኔም እንደገባው ሰው ራሴን ነቅንቄያለሁ። የምትወደው አንጋፋ ተጫዋች ጡረታ መውጣቱን አስታውቋል፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ ከዜናው ሥር ይነታረካሉ። አንዱ ከታላላቆቹ ተርታ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ስሙ ነው እንጂ ጨዋታው የለም ይላል፤ ሦስተኛው ድሮ ያመለጠችውን አንዲት ኳስ ይዞ ሙጭጭ ብሏል።

«ኦፓ፣ ሰውየው እኮ ጫማውን እንኳን ገና አላወለቀም!» አለችኝ እንደ ልማዷ በጀርመንኛ፤ ኦፓ የምትለው አያቴ ለማለት ነው።

ሳቄ መጣ። ጡረታ ለሚወጣ ተጫዋች የምር ችሎት ሲቀመጥ አይቻለሁና። ከሳሹም እኔው ነበርኩ።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። እሁድ እሁድ በኤስ ባን ባቡር ሄደን ሮደልሃይም ጣቢያ ወርደን፣ ኒዳ ወንዝ አጠገብ ባለች ሜዳ ላይ ኳስ እንጫወት ነበር። ሜዳ አልኩ እንጂ ግማሹ ጭቃ ነው። ቡድኑን ያቋቋሙት በረኛችን ጋሽ ተሰማ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፖስታ ቤት የሚሠሩ ሰው። አዲስ መጪን ሁሉ ባቡር ጣቢያ ሄደው የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። እኔንም የራሳቸውን ካፖርት አልብሰው፣ ትኩስ ቋሊማ በሰናፍጭ ገዝተው ተቀበሉኝ። ሰናፍጩ አፍንጫዬን ሰንጎ ይዞ ሲያስለቅሰኝ፣ አገር ናፍቆኝ መስሏቸው አቀፉኝ። እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ ማቀፋቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓመታት አለፉና ጋሽ ተሰማ ዘገዩ። ኳስ መረብ ውስጥ ካረፈ በኋላ ነበር የሚወድቁት። ሜዳ ዳር የሚቆሙ ደጋፊዎቻችን ማጉረምረም ጀመሩ፤ ፊት ለፊት ግን ማን ይንገራቸው? ይሉኝታ አለ፣ ውለታ አለ። በመጨረሻ ጉዳዩን ያነሱት ራሳቸው ናቸው።

«እናንተ ልጆች ስታንሾካሹኩ ልትሞቱ ነው» አሉን። «ለሚቀጥለው እሁድ ቴርሚን ያዙልኝ፣ ቀጠሮዬን አክብሬ ችሎት እቀርባለሁ። እንደ አባቶቻችን በበላ ልበልሃ እንሟገት። ካሸነፋችሁ ጓንቴን አወልቃለሁ።»

የክስ ዕጣ ወጣ፤ እኔ ላይ ወደቀ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ለእኔ ደግሞ ጋሽ ተሰማ ንጉሥ ነበሩ። ብረታቸው ልባቸውን እሰብራለሁ፤ ብሸነፍ ቡድኑ ይበተናል።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ ነበር። ፀሐዩ ገና አልለዘበም፣ ያመጣነውን የፕሪም ኬክ ተርብ ወርሮታል። ዳኛችን እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ዝናብ ይሁን በረዶ አንድ ጨዋታ አምልጧቸው አያውቅም። ዛፍ ሥር ወንበር ተዘረጋላቸው። ጋሽ ተሰማ ነጠላ አጣፍተው ቀረቡና «ለዛሬ አንቱታው ይቅር፤ አንተ በለኝ» አሉኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ።

«በላ ልበልሃ!
ኳስ ስትመጣ አይተህ፣ እጅህን ዘርግተህ፣
አሳልፈህ ሸኘሃት፣ ደህና ግቢ ብለህ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ እኔንም አሞቀኝና የገባባቸውን ግብ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ጋሽ ተሰማ መሬት መሬት እያዩ አዳመጡ።

«ሁሉንም አምናለሁ» አሉ ስጨርስ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እኔ ስወጣ የሚቆመው ማነው?»

እርስ በርስ ተያየን። እውነት ነው፤ ግብ መቆም የሚፈልግ አንድም ሰው ኖሮ አያውቅም።

«የመጀመሪያው ቀን በረኛ ጠፋ። ለዛሬ ብቻ ብዬ ቆምኩ» አሉ። «እኔ እኮ በረኛ አይደለሁም። ድሬዳዋ ስጫወት የግራ ክንፍ ነበርኩ።»

እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይኼን ሁሉ ዘመን? ምነው ሳትናገር?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ዋዛ ነው ያሉት። እሳቸው ግን ባቡር ጣቢያ ተቀብለው ስለ እኔ ያልጠየቁኝ ነገር አልነበረም።

እትዬ አስካለ ፈረዱ። «ተሰማ ከግብ ይውጣ። የሚመጣው እሁድ በግራ ክንፍ ተጫውቶ ይሰናበት። ግቡን ከሳሽ ይጠብቅ።»

በሳምንቱ ጓንታቸውን አጥልቄ ቆምኩ፤ እጄ ውስጡ ይዋልል ነበር። ግብ ምን ያህል ብቸኛ ቦታ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰው የሚያይህ ስትሳሳት ብቻ ነው። ጋሽ ተሰማ ብዙ አልቆዩም፤ እረፍት ሳይደርስ ትንፋሻቸው አለቀ። ከዚያ በፊት ግን አንዲት ኳስ በግራ እግራቸው ተቀበሉ፣ ተከላካዩን ወደ ውጭ የሚያልፉት መስለው ወደ ውስጥ ሾለኩ፣ ቀና ሳይሉ አሻገሩ። ኳሷ አጥቂያችን ግንባር ላይ ሄዳ አረፈች። እሱ በድንጋጤ ወደ ሰማይ ሰደዳት። ሜዳው በሙሉ ግን አጨበጨበ፤ ማጉረምረም የሚወዱት ሳይቀሩ። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ስለዚያች ኳስ ተጨቃጨቅን፤ አንዱ ዕድል ነው ይላል፣ ሌላው እንዲህ ያለ ነገር በዕድል አይመጣም ይላል። ጋሽ ተሰማ መስኮቱን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ሣራ ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ ጎበዝ ነበሩ?» አለችኝ። እኛ የፈረድነው ስለቸገረን ባቆምነው በረኛ ላይ ነው፤ ተጫዋቹን አላየነውም። ይህ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ጋሽ ተሰማ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቀብራቸው ላይም የሕይወት ታሪካቸው «ታዋቂው በረኛ» ተብሎ ተነበበ። ድሬዳዋ ያደገ ሽማግሌ ባገኘሁ ቁጥር ግን መጠየቄን አልተውኩም፦ ተሰማ የሚባል የግራ ክንፍ ታስታውሳለህ? እስካሁን አስታውሳለሁ ያለኝ የለም።