ትል ያሳበጠው ሥር

የያዙኝ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከአገር ቤት ወደምኖርባት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ልመለስ ሻንጣዬን አስረክቤ ነበር። ጥፋቴ ዋሽንግተን የተቃውሞ ሰልፍ ላይ መታየቴ ነው። ያስገቡኝ ክፍል አሥራ አንድ ሰው ነበረበት። የእርጥብ ካልሲና የሽንት ባልዲ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ሻይ አስመጣልኝ። "ትለቀቃለህ። አፓርትመንትህ ትገባለህ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተቃዋሚዎች ስብሰባ ትሄዳለህ። ማን ምን እንዳለ እየደወልክ ትነግረናለህ፣ በቃ" አለኝ። ላስብበት አልኩት። ምን ዋጋ አለው መደበቁ፣ እውነትም አሰብኩበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ብቻ ጥብስ ይመጣ ጀመር። ሌሎቹ አንድ ትሪ ከበው ሽሮ ሲበሉ እኔ ጥግ ይዤ ሥጋዬን አላምጣለሁ። ማንም አያናግረኝም። አንድ ቀን ግን የእስር ቤቱን ጓሮ ሊኮተኩቱ የሚወጡ፣ አብረውን የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ካሮት ይዘው መጡ። ካሮቱ ኪንታሮት የወረረው ይመስላል።

"አንተ ልጅ፣ ሥራዬ ተክል ነው ብለሃል። ይኼን ምን ነክቶት ነው?"

ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ስድስት ዓመት በማይክሮስኮፕ ያየሁት ነገር ነው።

"በዓይን የማይለይ ትል ነው አባባ። ሥሩ ውስጥ ይገባና ሴሎቹን መርፌ በመሰለ አፉ ወግቶ ምራቁን ይተፋባቸዋል። አይገድላቸውም፣ ያሳብጣቸዋል። ከዚያ ወዲያ የሴሎቹ ሥራ የተክሉን ምግብ እየሳቡ ትሉን መቀለብ ነው።"

"ተክሉስ?"

"ይጠወልጋል።"

"ያበጠውስ፣ አይታወቀውም?"

"ምን ይታወቀዋል፣ ይወፍራል እንጂ።"

ካሮቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ጥርሴ መሀል የቀረው ሥጋ ሸተተኝ። ኤዲያ! ሄጄ ባልዲው ላይ አስመለስኩ። እንደዚያን ቀን ራሴን ተጸይፌው አላውቅም።

በማግስቱ ጥብሱን ሳልነካው ለዘቡ መለስኩለት። "ለመርማሪው ንገርልኝ፣ ሰላይ አልሆንም" አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ሽማግሌው ትሪው ዳር ቦታ ለቀቁልኝና "ና፣ ጠጋ በል" አሉኝ። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር። ጣቴን ላስኩ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር አቆይተው፣ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ዛሬ ፎልስ ቸርች ከተማ የአበሻ ምግብ ቤት ምሳ ልበላ ስገባ ወሬው ይቆማል። "በምን ተለቀቀ?" ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። ከመካከላቸው ስለ ሁለቱ መርማሪው ስማቸውን እየጠራ ጠይቆኝ ነበር፤ አንድም ነገር አልነገርኩትም። ይህን ለሁለቱም ነግሬያቸው አላውቅም።