ማህፀኔ ውስጥ የነበረው ግድግዳ

ሦስት ጊዜ አርግዤ ሦስቱም ወረዱብኝ። ኮልፌ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ ምርመራው ቶሎ አለቀ፦ ሾተላይ ነው ተባለ። ለአማቴ ሾተላይ ማለት የአንዲትን እናት ልጆች እየተከተለ የሚበላ ክፉ መንፈስ ነው፤ ጤና ጣቢያ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠሩት የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማትን ነው። ደሜ ተመረመረና አር ኤች ፖዘቲቭ ሆነ፤ ችግሩ የሚመጣው ደግሞ ኔጌቲቭ በሆነች እናት ላይ ነው። "ይሄ አንቺን አይመለከትም" አለችኝ ነርሷ። ለአማቴ ስነግራቸው፣ "መንፈስ በደም ምርመራ ይታያል እንዴ ልጄ?" አሉኝ። በጣም ተናደድኩ።

በመጨረሻ አንዲት የማህፀን ሐኪም በአልትራሳውንድ አገኘችው። ማህፀኔ ከመሃል በስስ ግድግዳ ተከፍሏል። ስፈጠር ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ፅንሱ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በደንብ ደም ስለማያገኝ ይወርዳል።

"ምን አድርጌ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ምንም" አለች።

ያን ቀን እስከ 18 ማዞሪያ ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ የደስታ ይሁን የንዴት አላውቅም።

ቀዶ ሕክምናው በታች በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ግድግዳውን መቁረጥ ነው። ሆድ አይነካም። አማቴ አጥሚት ይዘው ሊጠይቁኝ መጡና ቀሚሴን ገልበው ሆዴን ፈተሹ።

"የታለ ስፌቱ?"

"ስፌት የለውም፣ እማዬ።"

"አታለውሻል በይኛ!"

እኔ ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከወራት በኋላ አረገዝኩ። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ አማቴ ያሰቡትን ነገሩኝ፦ ልጁ እንደተወለደ ለሙስሊሟ ጎረቤታችን ይሰጣል፤ እምነቷ ከኛ ስለሚለይ መንፈሱ አይጠረጥርም፤ እሷም "የኔ ነው" ትላለች፤ ሾተላዩ የኔ መሆኑን አያውቅም። እኔው ጋ ቢያድግም እሷን እማዬ እያለ ይጠራታል።

"ግድግዳው ተቆርጧል፣ አለቀ!" አልኩ። "ልጄን ለደቂቃም ለማንም አልሰጥም።"

በዚህ የተነሳ ከአማቴ ጋር ለሳምንታት ተኳረፍን።

ልጄ በሰላም ተወለደች። ከሆስፒታል ስንመለስ ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ ነበር። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬቱን ያያሉ። ሐኪሟን አምናታለሁ፤ ግድግዳው መቆረጡንም በካሜራው ምስል በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ፈራሁ። ራሴ ሄጄ ልጄን ጎረቤቴ እጅ ላይ አስቀመጥኳት።

"ይቺ የኔ ልጅ ናት!" አለች፣ ግቢው እስኪሰማ ጮክ ብላ።

"አዎ፣ ያንቺ ናት" አልኩ። ከአንገት በላይ አልነበረም።