ክንድና ጆሮ

ሰበታ ባለው ግቢዬ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል፣ ከደቡብ የመጣች የፋብሪካ ሠራተኛ ከሴት ልጇ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። እናትየው ሥራ ስትገባ ልጅቷ እኔ ጋ ትውላለች። ባለፈው ክረምት እናትየው ቁርጡን ነገረቻት፤ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ካልተቀበላት፣ አገር ቤት አያቷ ጋ ትሄዳለች። የልደት ወረቀት የላትም። ወረቀት ለሌለው ልጅ መዝጋቢው መምህር አሁንም የሚጠቀመው በእኛ ጊዜ የነበረውን መለኪያ ነው፤ ክንድን በአናት ላይ አሳልፎ በወዲያኛው በኩል ያለውን ጆሮ መንካት።

ልጅቷ ስትሞክር ትውላለች።

«እማማ፣ ደረሰ?»

«አንገትሽን አታጣምሚ።»

«አላጣመምኩም፤ ራሱ ነው የጠመመው።»

ነገሩ እኔንም ከነከነኝ። ከቡራዩ ልትጠይቀኝ የመጣችውን የልጅ ልጄን አስሞከርኳት። በዕድሜ ትበልጣታለች፣ ማንበብም ትችላለች፤ ጣቷ ግን ከጆሮዋ በላይ ቀረ።

«ጭንቅላትሽ ትልቅ ነው!» ብላ ሳቀችባት የተከራይዋ ልጅ።

«ያንቺ ክንድ የጦጣ ነው!»

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የማየውን ልጅ ሁሉ በዓይኔ መለካት ጀመርኩ። ሕፃን ሲወለድ የሚበዛው ጭንቅላቱ ነው፤ እጅና እግሩ ቀስ ብለው ይደርሱበታል። መቼ እንደሚደርሱ ግን እንደየልጁ ነው። አንዱ ክንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ምላሱ።

በምዝገባው ዋዜማ የልጅቷ ጣት ጆሮዋን ነካ። አንገቷን ራሴ ይዤ ነው ያየሁት። እናትየው ደስ ብሏት ፀጉር ሠሪ ጋ ወሰደቻት፤ ፀጉሯ ዊግ ተጨምሮበት ተጎነጎነና አናቷ ላይ ተቆለለ። እኔም አምሮባታል አልኩ።

በማግስቱ መምህሩ ፊት ቆመን ጣቷ አልደረሰም። አንገቷን አቀና፣ እንደገና አስሞከራት። አልደረሰም።

«ትናንት ደርሶ ነበር» አለች ልጅቷ።

«ዛሬ አጠረ?» ሲላት ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። እናትየው መሬት መሬቱን ታያለች።

«ነገ ብመጣስ?» አለች ልጅቷ።

መምህሩ ትንሽ አያትና በኦሮምኛ «ቦሩ ኮቱ» አለ፤ ከዚያ፣ «እሺ፣ ነገ ነይ። ምዝገባው አላለቀም» አላት።

የአንድ ሌሊት ዕድሜ ምን ይጨምራል? ትናንት የደረሰ ክንድስ ዛሬ ለምን ይቀራል? ይህን እያሰብኩ ባጃጅ ተሳፈርን። እናቷ ጭን ላይ ስትቀመጥ የፀጉሯ ቁልል ጣራውን ነካ።

«ዝቅ በይ» አልኳትና ቁልሉን አየሁት።

ቤት እንደደረስን እናትየውን «ፍቺው» አልኳት።

«እማማ ደግሞ! ትናንት እኮ ነው የተሠራው።»

«ክንዷ አላጠረም። ጭንቅላቷን ነው ያሳደግሽው፤ ፍቺው።»

እናትየው ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ መቀስ አመጣች። ተጋግዘን ስንፈታ መሸ።

በማግስቱ ፀጉሯን ወደ ኋላ አበጥረን ወሰድናት። ጣቷ ጆሮዋን ነካ፤ እንዲያውም ያዘው።

«በአንድ ቀን አደግሽ?» አላት መምህሩ።

«አዎ» አለች፣ ጆሮዋን ሳትለቅ።

መዘገባት።

ትምህርት ሊከፈት ሲል እናቷ ፀጉርሽን ላሠራሽ ብትላት እንቢ አለች። አናቷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ሸሸች።

«እንደገና ቢለኩኝስ?»