ጣውላ ረጋጩ

ሰበታ ፎቅ ሲሠራ የባሕር ዛፍ መወጣጫውን የማስረው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ጣውላውን አንድ በአንድ ሦስት ሦስት ጊዜ በተረከዜ እረግጣለሁ፤ እኔ ሳልረግጥ ማንም አይወጣም። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ዲግሪዬ ያ እርግጫ ነበር።

በኋላ አንድ አዲስ ፎቅ ሲጀመር ከአዲስ አበባ የምትመላለስ ወጣት መሐንዲስ መጣች። ንድፉን ስታወጣ ገና ከመነሻው በየወለሉ ጠርዝ የብረት ቀለበት አስገብታበታለች። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ከፌሮው ጋር ይታሰራል፤ ሠራተኛው የወገቡን ገመድ እዚያ ላይ ይቋጥራል። ሳምንት ሳይሞላ ሠራተኞቹ እግሬን ማየት ተዉ። ገመዳቸውን ቋጥረው ሽቅብ ነው። ቀናሁ። ይሄን ሁሉ ሽበት ይዤ፣ ልጄ በምትሆን ሴት ቀናሁ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሲነሳ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ መሐንዲሷ መምጣት አልቻለችም። ሠራተኞቹ ግን አብዛኞቹ ከደቡብ የመጡ፣ እዚያው ግቢ የሚያድሩ ነበሩና ሥራው አልቆመም። የሁለተኛውን ፎቅ ኮንክሪት እኔ አስሞላሁ። በጓሮ በኩል ቀለበቱን ተውኩት። ረስቼ አይደለም።

ኮንክሪቱ ሲጠነክር ከወላይታ የመጣው ግንበኛ በጓሮ በኩል ሊወጣ መጣ።

«ኦቦ፣ ቀለበቱ የታለ?»

«እኔ ረግጬዋለሁ፤ ውጣ።»

ጣውላውን አየ፤ እኔን አየ። «አንቱ ሲረግጡ ብሎኬት አልተሸከሙም» አለና ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ልጆች አሉኝ፣ ኦቦ።» ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ያን ዕለት ከሰዓት ጠርዙን በመሮ ፈልፍዬ ቀለበቶቹን በሲሚንቶ ቀበርኳቸው፤ ከፌሮው ጋር ግን አልታሰሩም። መንገዱ ተከፍቶ መሐንዲሷ ስትመጣ አንዱን ነካ አድርጋ አወቀችው።

«አባባ፣ እርስዎ እዚህ ላይ ይንጠለጠላሉ?»

«አልንጠለጠልም።»

«ሆን ብለው ነው የተዉት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀለበቶቹን አስቆረጠችና በጓሮ በኩል ከመሬት እስከ ላይ መደገፊያ ያለው መወጣጫ እንዳስር አዘዘችኝ። አሰርኩ። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ቆመው እግሬን ጠበቁ፤ እሷም ሄልሜቷን አጥልቃ አብራ ቆመች። ረገጥኩ። ያው የድሮው ድምፅ ነው። እንድረግጥ ያደረገችኝ ግን እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም በእሷው እቀናለሁ።